ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የወጣች ፀሐይ

መስከረም አሥራ ሁለት ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ አንዲት ሴት የስንዴ ቅጠል ፎቶ ማንሳቷን ለሚመለከተው ሁሉ አስታውቃለሁ።

ቅጠሉን ቢጫ ዋግ ይዞት ነበር። ሴትዮዋ ተሻለች ትባላለች፤ የግብርና ባለሙያ ናት። እርሻው የኦቦ ሚፍታ ነው። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁሟል፣ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ፈጅቷል፣ እኔንም ለጥቂት ቀን ባለሙያ አድርጎኛል።

እኔ ይርሳው እባላለሁ። ከአሰላ ወደ ጢቾ የሚሄድ መኪና ተሳፋሪው ሻይ እንዲጠጣ በሚቆምባት ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። በከተማዋ ሁለት ፎቶ ቤት ነበር፤ አንደኛው ስለተዘጋ አሁን የታወቅሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ተማርኩት።

ጽሕፈት ቤቱ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም ፎቶ ኮፒ ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በላም ነው። ገጠር የሚሠሩት ባለሙያዎች ሥራ መሥራታቸው እንዲታወቅ በየሳምንቱ ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይልካሉ። ባለፈው ክረምት ከበላይ የመጣ ተቆጣጣሪ እነዚህን ፎቶዎች ሲያገላብጥ፣ አንዲት ቦቃ ላም በተከታታይ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ በዚያው ሰው እጅ፣ በዚያው መርፌ ስትከተብ አገኛት። ስብሰባ ተጠራ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዘሪሁን በሰው ሁሉ ፊት ቆመው፣ "ይህች ላም ምን ቢይዛት ነው?" ተብለው ተጠየቁ። አቶ ዘሪሁን ክፉ ሰው አይደሉም። እንቅልፍ የነሳቻቸው ላሟ ናት።

ከዚያ በኋላ አዳማ ሄደው የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰዱና አንድ ቃል ይዘው ተመለሱ፤ ሜታዳታ። አቶ ዘሪሁን ይህን ቃል ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የሚያዳምጣቸውም ሰው ራሱን ይነቀንቃል። "እሱ ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቀ ሰው አለማወቁ ይታወቅበታል።

ለእኔ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ድሮ ሰው ፎቶ ሲነሳ ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ ያህል" ብሎ ቀኑን ይጽፍበት ነበር። አሁን ይህን የሚጽፈው ስልኩ ራሱ ነው፤ ባለቤቱንም አያስፈቅድም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስልኩን ዓይነት፣ ከፈቀዱለት ደግሞ ቦታውን ጭምር ፎቶው ውስጥ ደብቆ ያስቀምጣል። ፎቶው በቴሌግራም እንዲያው ከተላከ የተደበቀው ጽሑፍ መንገድ ላይ ይቀራል። በፋይል መልክ ከተላከ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ስለዚህ ከመስከረም አንድ ጀምሮ ማንኛውም የሥራ ፎቶ በፋይል ይላክ የሚል ትእዛዝ ወጣ።

ዘጠኝ ባለሙያዎች ትእዛዙን ፈርመው ተቀበሉ። በፋይል የላከችው ግን ተሻለች ብቻ ናት። ስለዚህ የስምንቱ ፎቶ ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም፤ በውስጡ ምንም አልነበረምና።

አቶ ዘሪሁን ፍላሽ ይዘው ወደ ሱቄ መጡ።

"ይርሳው፣ አንተ ገለልተኛ አካል ነህ" አሉኝ።

"ነኝ" አልኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

"እዚህ ውስጥ የተደበቀውን አውጣና በጽሑፍ አድርግልኝ። እኔ ራሴ አደርገው ነበር፤ ግን የጥቅም ግጭት ይሆናል።"

የአዳማው የምስክር ወረቀት ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ላሚኔት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ ያለው ኮምፒውተር የዳንቴል ልብሱን ለብሶ እንደተቀመጠ ነው።

ፎቶውን ከፈትኩት። የቦታው መስመር ባዶ ነው፤ ተሻለች ባትሪ እንዳያልቅባት ታጠፋዋለች። ቀኑ ትክክል ነው። ሰዓቱ ላይ ስደርስ 03:12 ይላል። የፈረንጅ ሰዓት ወደ እኛ ሲመለስ ስድስት ሰዓት እንደሚለይ የማያውቅ የለም። እኔም ኮሚቴው እንዳይቸገር ብዬ ራሴ መለስኩላቸው፤ "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።" ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርኩበት። ማኅተሜንም አሳረፍኩበት።

ፎቶው ላይ ፀሐይ ነበረች። ጤዛው ቅጠሉ ላይ ያብረቀርቃል፤ ቅጠሉን የያዘው እጅ ጥላ ጭቃው ላይ ወድቋል። አላየሁም አልልም። ነገር ግን የተጠየቅሁት ስለተደበቀው ነው እንጂ ስለሚታየው አይደለም።

በዚያው ሳምንት በሱቄ በር ላይ ካለው ማስታወቂያ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤ "የዲጂታል ፎቶ ምርመራ እናደርጋለን።"

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተሻለች መጣች። ከምትሠራበት ቀበሌ እስከ አስፋልቱ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ቦት ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ይዞ ነበር፤ እንዳታቆሽሽብኝ ብላ ደጃፉ ላይ ቆማ ወረቀቱን በረጅሙ ዘረጋችልኝ።

"ጋሽ ይርሳው፣ ሦስት ኮፒ ያድርጉልኝ።"

የክስ ደብዳቤ ነው። በሥራ ቦታዋ ሳትገኝ የተቀነባበረ ፎቶ ልካለች፤ ለዚህም የቴክኖሎጂ ማስረጃ ተገኝቶባታል፤ ዓርብ ቀርባ መልስ ትስጥ፤ ጥፋተኛ ከሆነች ዝውውሯ ይሰረዛል ይላል።

ስለ ዝውውሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አምስት ዓመት ለምና ዘንድሮ አሰላ ተፈቅዶላታል። ልጇ ሮሐ አሰላ አያቷ ጋር ነው የምታድገው፤ ስድስት ዓመት ሞልቷታል።

"ለሮሐ ነግረሻታል?" አልኳት።

"ነግሬያታለሁ። መጥቼ አብሬሽ ልኖር ነው ስላት፣ 'ተሹ፣ መቼ ትመለሻለሽ ታዲያ?' አለችኝ። ልታባርረኝ እኮ አይደለም፤ መመለሴን ለምዳው ነው። እናቴን እማዬ ትላታለች፣ እኔን ተሹ።" ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እርሻ ውስጥ ምን ልሠራ ነው? ጅብ ላስተምር?" አለች።

"ደብዳቤው ተቀነባበረ ነው የሚለው።"

"አንድ ባለሙያ መርምሮት ነው አሉኝ። ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ እግሩ ላይ ወድቄ እጠይቀው ነበር።"

የኮፒ ማሽኑን ከፈትኩ። ወረቀት ነበረበት፤ ሌላ ወረቀት ጨመርኩበት።

ስልኳን ባንኮኒው ጠርዝ ላይ አስቀምጣው ነበር። መልእክት ሲገባ በራ። 8:20 ይላል። ቀና ስል የግድግዳ ሰዓቴም ስምንት ሰዓት ከሃያ ይላል። ከኪሴ የእኔን ስልክ አውጥቼ አየሁ፤ 8:20።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የስልኳ ሰዓት ቀድሞም በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ሦስት ሰዓት ያለው የጠዋቱን ሦስት ነው። እኔ የሐበሻውን ሰዓት ፈረንጅ ነው ብዬ እንደገና ወደ ሐበሻ መለስኩት። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ክርስትና እንደማንሳት ነው።

"ተሻለች፣ የስልክሽን ሰዓት የሞላሽው በእኛ ነው?"

"ታዲያ በማን ልሙላው? ኦቦ ሚፍታ ስንት ሰዓት ሆነ ሲሉኝ የእንግሊዝ አገሩን ልንገራቸው?"

"ይህን ለኮሚቴው ንገሪያቸዋ።"

"ነገርኳቸው። ባለሙያው ያላነሳው ነጥብ ነው አሉኝ።"

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው፤ "ደብዳቤውን በነጻ ላሚኔት ላድርግልሽ?"

"የክስ ደብዳቤ ላሚኔት አይደረግም፣ ጋሽ ይርሳው" አለችኝ። ኮፒዎቹን ይዛ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ስነሳ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ተሳስቻለሁ። መንገዱን ስሻገር ሁለት ጊዜ ተለማመድኩት። ግን ቢሮው ውስጥ ስገባ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ፊቴ "ባለሙያ" የሚል ወረቀት ታጥፎ ቆሟል። ላፕቶፔን ከወረቀቱ ጎን አደረግሁ። የለበስኩት ኮት የበዓል ነው።

ኮሚቴው ሦስት ነው። ሰብሳቢው አቶ ዘሪሁን ናቸው። ጸሐፊዋ የሠራተኛ አስተዳደሯ ወይዘሮ እታገኘሁ ናቸው፤ ማስመሪያ ሳይዙ አንድ መስመር አይጽፉም። ሦስተኛው አቶ ሀብተ ማርያም፣ ጡረታቸው አራት ወር ቀርቶታል፤ እስከዚያ ድረስ ከማንም ጋር ላለመጣላት ወስነዋል።

መጀመሪያ ምስክሩ ተጠራ።

"ኦቦ ሚፍታ፣ መስከረም አሥራ ሁለት ተሻለች እርሻዎ ላይ ነበረች?" አሉ አቶ ዘሪሁን።

"ነበረች።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ከብቱ ከወጣ በኋላ።"

"በሰዓት ይግለጹልን" አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ።

"እኔ ሰዓት የለኝም። እሷን ጠየቅኳት፣ ሦስት ሰዓት አለችኝ።"

"ይመዝገብ" አሉ አቶ ዘሪሁን። "ምስክሩ ሰዓቱን የሰሙት ከተከሳሿ ነው።"

ኦቦ ሚፍታ የታተመውን ፎቶ አንስተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። "ኤሬ! ይቺ ፀሐይ አይደለችም እንዴ?"

"ፀሐይዋ ማስረጃ አይደለችም። በዚህ ዘመን ፀሐይ በኮምፒውተር ትጨመራለች" አሉ አቶ ዘሪሁን።

"ወላሂ? ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ለምን ዝም አላችሁ?"

አቶ ሀብተ ማርያም ሳቁ፤ ወዲያው ሳሉበት። ኦቦ ሚፍታ ፎቶውን መልሰው አስቀመጡ። "እኔ የማውቀው መጣች፣ አየች፣ መድኃኒት አስረጨችልኝ። ስንዴዬ ዳነ። ሌሊትም ከሆነ፣ ሌሊቱ ይባረክ። አሁን ጁምዓ እንዳያመልጠኝ።"

"ገና አልጨረስንም፣ ቆዩን" ተባሉና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ተሻለች ተነሳች። "አቶ ዘሪሁን፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የስልኬ ሰዓት የተሞላው በእኛ ነው። ሦስት ካለ ሦስት ነው፤ የጠዋት ሦስት።"

"ቴክኖሎጂ የእኛ፣ የእነሱ ብሎ አይለይም" አሉ አቶ ዘሪሁን። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኛ የምናየው ሜታዳታው የሚለውን ነው። አይደለም እንዴ ይርሳው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወይዘሮ እታገኘሁ "የባለሙያው ማብራሪያ" ብለው ርእስ ጻፉ፤ በማስመሪያ አሰመሩበት፤ ብዕራቸውን አንስተው ጠበቁኝ።

"ሜታዳታው…" አልኩ። "ሜታዳታው ሦስት ሰዓት ነው የሚለው።"

"የፈረንጅ ሦስት" አሉ አቶ ዘሪሁን።

"ሦስት ነው የሚለው። የማን ሦስት እንደሆነ አልጻፈም።"

እኔ ሁሉን ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። አቶ ሀብተ ማርያም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ "ጥልቅ ነገር ነው" አሉ። ወይዘሮ እታገኘሁ ጻፉት። አቶ ዘሪሁን አመሰገኑኝ። ተሻለች ብቻ ፊቴ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አነበበች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

"ለካ እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ይርሳው?" አለች።

በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም።

ውሳኔው ብዙ አልቆየም። ዝውውሩ እንዲሰረዝ ሁለት ድምፅ፤ አቶ ሀብተ ማርያም ድምፀ ተአቅቦ። ወይዘሮ እታገኘሁ ጻፉት። ተሻለች ኮፒዎቿን ለሁለት አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች።

"ለእናቴ ዛሬ ልንገራት ወይስ ደብዳቤው እስኪወጣ ልጠብቅ?" አለች።

አቶ ዘሪሁንም ልጆቻቸውን ዴራ ትተው እዚህ በኪራይ ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር።

እንግዲህ በጽሕፈት ቤቱ ደንብ ቃለ ጉባኤ ያለ ፎቶ አይጸድቅም። በአዲሱ ትእዛዝ ደግሞ የፎቶው ውስጠ ነገር ተነብቦ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል። ሰብሳቢው ስልካቸውን አውጥተው ለኦቦ ሚፍታ ሰጡ።

"ይህቺን ነጭ ክብ መጫን ብቻ ነው።"

ተሻለች ወደ በሩ ሄዳ ነበር። "ተሳታፊ ስለሆንሽ መግባት አለብሽ" አሏት ወይዘሮ እታገኘሁ፤ ዓይናቸው ግን እሷን አላየም። ተመልሳ ጠርዝ ላይ ቆመች።

"እንዲህ ዝም የሚለው የተኛ ሰው ነው" አሉ ኦቦ ሚፍታ። "ሳቁ እንጂ።"

"ስብሰባ ነው፣ አይሳቅም" አሉ አቶ ዘሪሁን። ኦቦ ሚፍታ ተጫኑት።

ስልኩን በገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁና ፎቶውን ከፈትኩ። የመስኮቱ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተንጣልሎ፣ የአምስታችንንም ፊት አብርቶት ይታያል። የተደበቀውን አወጣሁ።

03:47።

እንደገና አነበብኩት።

"ለቃለ ጉባኤው ይነበብ" አሉ አቶ ዘሪሁን።

በዚህ ጊዜ ድፍረት አላስፈለገኝም፤ የተጠየቅሁት ሥራዬን ነው። ቆሜ አነበብኩ። "ይህ ስብሰባ የተካሄደው፣ ለተሻለች ፎቶ በተሠራበት ስሌት መሠረት፣ ዛሬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ላይ ነው።"

ወይዘሮ እታገኘሁ "ከሌሊቱ" እስከሚለው ድረስ ጻፉ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ወደ መስኮቱ አዩ። ውጭ የጢቾው መኪና ተሳፋሪዎቹን እየጠራ ጥሩንባ ይነፋል።

"ስሌቱ የማን ነው?" አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

"የእኔ" አልኩ። "ተሳስቻለሁ።"

"በሌላ ስልክ ይደገም" አሉ አቶ ዘሪሁን።

በወይዘሮ እታገኘሁ ስልክ ተደገመ። ጮክ ብዬ እንዳነብ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሦስቱም ተነስተው ከጀርባዬ ቆመው ነበር። 03:52 ይላል። አቶ ሀብተ ማርያም የራሳቸውን ስልክ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው አዩ፤ መልሰው ከተቱት፤ እንደገና አወጡት።

ወይዘሮ እታገኘሁ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ማስመሪያውን አስተካክለው "ከሌሊቱ" የሚለውን ሰረዙ። ማስመሪያው ወረቀቱ ላይ እያለ ወደ ላይ ገፋ አድርገው ውሳኔውንም ሰረዙት። አቶ ዘሪሁን ስረዛውን እያዩ ነበር፤ አልከለከሉም።

አቶ ዘሪሁን የራሳቸውን ስልክ ከጠረጴዛው አንስተው ተቀመጡ። ሴቲንግ ውስጥ ገቡ። ወጡ። እንደገና ገቡ። የስልኩ መብራት ደመቀ፣ ደበዘዘ። አንድ ጊዜ ካልኩሌተሩ ተከፈተ። ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው ወደ ተሻለች ገፉት።

"እስቲ ይህን ሰዓት ወደ ፈረንጁ አስተካክይልኝ፣ እቴ" አሉ።

ተሻለች ስልኩን አየችው፤ እሳቸውን አየች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አነሳችው። እሷ ገና እየነካካች ሳለ ወይዘሮ እታገኘሁ የራሳቸውን ስልክ ክርኗ አጠገብ አኖሩ። አቶ ሀብተ ማርያምም ቀጠሉ።

እኔም የእኔን አውጥቼ ከመጨረሻው ቀጥሎ አስቀመጥኩ።